ፊደል ቆጥረን ቀረን

በእኛ አገር «ማንበብ ትችላለህ?» ብሎ መጠየቅ ስድብ ነው። ዲግሪ ያለውን ሰው እንዲህ ብላችሁ ጠይቁትና ፊቱን እዩት። «ማይም» የሚለው ቃልም ክርክር ሲያልቅብን የምንመዘው የመጨረሻ ስድባችን ነው። እኔ ግን ጥያቄው ስድብ መሆኑ መቅረት አለበት ባይ ነኝ። በቁም ነገር መጠየቅ አለብን። መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ደግሞ ገበሬው ወይም ጉሊት ቸርቻሪዋ ሳንሆን እኛ ነን፤ 12 ዓመት፣ 16 ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጥነው።

ክሴ ይህ ነው፦ በዚህ አገር ማንበብ የምንለው ነገር ፊደልን ወደ ድምፅ መቀየር ነው። እሱ ደግሞ የማንበብ መጀመሪያው ብቻ ነው። መጀመሪያው ላይ ቆመን ምስክር ወረቀት ተሰጠን፣ ጋዋን ለብሰን ፎቶ ተነሳን፣ በቃ ተማርን ተባለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ብዙዎቻችን አልሄድንበትም። ይባስ ብሎ፣ ፊደል ያልቆጠሩትን የምንሰድበው እዚያው መጀመሪያው ላይ እንደቆምን ነው።

እስቲ እንዴት እንደምንቆጠር እንይ። ዩኔስኮ በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትርጓሜ፣ ማንበብና መጻፍ ይችላል የሚባለው ስለ ዕለት ኑሮው የሚናገር አጭርና ቀላል ዓረፍተ ነገር ተረድቶ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ነው። «ተረድቶ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ድርጅቱ ነገሩን አሰፋው፤ ማንበብና መጻፍ ሰውዬው በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ጽሑፍ የሚጠይቀውን ሥራ ሁሉ ለማከናወን የሚያስችለው መሆን አለበት አለ።

ወረቀት ላይ እንዲህ ነው። በተግባርስ? በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ውሰዱ። መረጃ ሰብሳቢው አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር የተጻፈባት ካርድ ያሳያል። ሰውዬው ሙሉውን ወይም ከፊሉን ካነበበ «ማንበብ ይችላል» ተብሎ ይመዘገባል። ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረ ሰው ግን ካርዷም አትታየውም፤ ይችላል ተብሎ ይታለፋል። በዚህ መንገድ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 42 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 69 በመቶ ያነባሉ ተባለ።

ለስታቲስቲክስ ሥራ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ አጥኚዎቹን አልወቅስም። የሚያናድደኝ እኛም ራሳችንን በዚያችው ካርድ መለካታችን ነው። ካርዷ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር የዋህ ናት። አትዋሽም፣ አትሸነግልም፣ ብር አትጠይቅም፣ አታስፈርምም። በሕይወታችን የሚያጋጥሙን ጽሑፎች ግን አብዛኞቹ ከእኛ አንድ ነገር የሚፈልጉ ናቸው። ፊርማችንን ይፈልጋሉ፣ ገንዘባችንን ይፈልጋሉ፣ ንዴታችንን ይፈልጋሉ። ካርዷ ይህን አትፈትንም። ደግሞም ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ስለተማርን ብቻ ማንም የማይፈትነን እኛ ነን።

አክስቴን ላስተዋውቃችሁ። መርካቶ አካባቢ ቅመማ ቅመም ትነግዳለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ካርዷ ብትታያት በአኃዙ ውስጥ የምትገባው ከማያነቡት ጋር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአራት ሴቶች ጋር በቡድን ብድር ልትወስድ የውል ወረቀት ተሰጣት። ወረቀቱን ይዛ መጀመሪያ መድኃኒት ቤት ለሚሠራ ወጣት አስነበበች። ከዚያ ወደ ሌላ ሰፈር ወስዳ ከማይተዋወቀው ሰው፣ ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጋር ተቀምጣ እንደገና አስነበበች። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምታደርገው። ሁለቱ አንባቢዎች ያሉትን በልቧ ይዛ ታስተያያለች። አንዱ የዘለለውን ሌላው ያነበዋል፤ አንዱ ያለሰለሰውን ሌላው እንዳለ ይናገረዋል።

ሁለቱም «ተበዳሪዎች በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው» የምትል መስመር ላይ ሲደርሱ ቀጥ አድርገው አነበቡ።

«ምን ማለት ነው በአንድነትና በነጠላ?» አለች።

ወጣቱ «ያው፣ አብራችሁ ናችሁ ማለት ነው እትዬ» አላት። ተማሪዋ ደግሞ «ለየብቻችሁ ማለት ይመስለኛል» አለች።

«አብሮ ነው ወይስ ለየብቻ? ሁለቱን እንዴት ይሆናል?» ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ ወደ አበዳሪው ቢሮ ተመለሰች። ሠራተኛው እስኪያስረዳት ድረስም አሻራዋን አላሳረፈችም። ትርጉሙ ይህ ነበር፦ ከአምስቱ ሴቶች አንዷ ባትከፍል አበዳሪው ሙሉውን ዕዳ ከፈለጋት ከአንዷ ላይ መጠየቅ ይችላል። ይህን ስትሰማ ከአምስቱ አንዷን እንደማትፈልግ ተናገረች። በእሷ ምትክ ሌላ ሴት ተፈለገችና ውሉ ተፈረመ።

ታሪኩን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እየሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። የውሉ አንገት ያለበትን መስመር ሁለት የተማሩ ሰዎች አጥርተው ጠሩት። ያነበበችው ግን ፊደል የማታውቀው ናት። ቆም ያለችው፣ የጠየቀችው፣ ሁለት ንባብ ያስተያየችው፣ ያልገባትን አልፈርምም ያለችው እሷ ናት። ታዲያ ከሦስቱ ማይሙ ማነው?

ይህን ስል ፊደል አያስፈልግም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አክስቴ ራሷ ይህን ብትሰማ ትቆጣኛለች፤ ልጆቿን ያስተማረችው እኮ ለዚህ ነው። ፊደል ያለማወቅ ዋጋ አለው። የታክሲ ታፔላ መጠየቅ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ በቃል መያዝ፣ ምስጢርህን የሚያነብልህ ሰው እንዲያውቀው መፍቀድ፤ ይህ ሁሉ በየቀኑ የሚከፈል ግብር ነው። ሕጉም ይህን ያውቃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1728 ላይ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሰው ያኖረው ምልክት፣ ሥልጣን ያለው አዋዋይ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው በቀር አያስገድደውም ይላል። ለማያነብ ሰው ጠባቂ አቁሟል ማለት ነው። ለእኔና ለእናንተ ግን ጠባቂ አልቆመም። ፊደል ስለቆጠርን ብቻ የፈረምነውን ሁሉ እንዳነበብነው ይቆጠራል። የቤት ኪራይ ውላችሁን ከመፈረማችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ያነበባችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ስልካችሁ ላይ «እስማማለሁ» የምትለዋን ከመጫናችሁ በፊትስ?

አያቶቻችን ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር፤ የሚገርመኝ እሱ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት አስቡ። ልጁ ንባብ ቤት ይገባል። ሀሁን ይቆጥራል፣ አቡጊዳን ይለያል፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፣ በመጨረሻ ዳዊት ይደግማል። የትኛው ቃል ተነሥቶ፣ የትኛው ወድቆ፣ የትኛው ተጥሎ እንደሚነበብ ጠንቅቆ ያውቃል። ዳዊት ሲጨርስ ወላጆቹ ይደግሳሉ። ግን ዳዊቱ በግእዝ ነው፤ ልጁ ግእዝ አይሰማም። ይህን መምህሩም ያውቃል፣ ወላጁም ያውቃል፣ ልጁም ያውቃል። ስለዚህ ዳዊት የደገመን ልጅ ማንም ሊቅ አይለውም። ገና ዜማ ቤት አለ፣ ቅኔ ቤት አለ፣ ከዚያም የመጻሕፍቱ ትርጓሜ ቤት አለ። ትርጓሜ ቤት ውስጥ መምህሩ አንዱን ጥቅስ ያነብና በአማርኛ ይፈታዋል። ፈትቶ አያበቃም፤ «አንድም» ይልና ሌላ መንገድ ያሳያል። እንደገና «አንድም» ይላል። ተማሪው የሚማረው አንድ ጽሑፍ ከአንድ በላይ ሊል እንደሚችልና የትኛውን እንደሚል ለማወቅ መድከም እንደሚያስፈልግ ነው።

በእስልምናውም ትምህርት ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ቁርኣንን ያኸተመ ልጅ ዓረብኛውን አሳምሮ ያነባል፤ ቤተሰቡም ይደሰታል። ግን ዓሊም አይባልም። ኪታብ ይጠብቀዋል፤ ደረሳ ሆኖ ከሼኹ እግር ሥር ተቀምጦ ሰዋስውን፣ ሕጉን፣ ትርጓሜውን ዓመታት ይማራል። በሁለቱም ዘንድ ድምፅ ማውጣትና መረዳት ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው። ማንም አንዱን ለሌላው አይሸጠውም ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከዚህ ሁሉ የወሰደው ንባብ ቤቱን ነው። ትርጓሜ ቤቱን ትቶታል። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት የነበረው የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ ሰዓት አሁንም በጆሮዬ አለ። መምህሩ ሰሌዳውን በእንግሊዝኛ ኖት ይሞላል፤ እኛ እንገለብጣለን። ለፈተና በቃላችን እንይዛለን። ቃላቱን ጥርት አድርገን እንጠራቸዋለን። አንዳችንም ግን ያነበብነውን በራሳችን አነጋገር ለታናሽ ወንድማችን ማስረዳት አንችልም ነበር። ምን ይባላል ይሄ? ዳዊት መድገም ነው እንጂ! ልዩነቱ፣ ዳዊት ደጋሚው ገና እንደሚቀረው ያውቅ ነበር። እኛ ካርድ ተሰጥቶን ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወርን።

የዚህን ውጤት አይተነዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ኩረጃን ለመከላከል ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጠና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገሩ በሙሉ ደነገጠ። ልጆቹ ሰነፉ፣ ቲክቶክ አበላሻቸው፣ መምህር ጠፋ ተባለ። እኔ የማየው ግን ይሄን ነው፦ 12 ዓመት ሙሉ ድምፅ እንዲያወጡ ብቻ ያሠለጠንናቸውን ልጆች አንድ ቀን «ምን ይላል?» ብለን ጠየቅናቸው። ካልተማሩት ነገር ነው የወደቁት።

እዚህ ላይ «ይሄ የአቅም ጉዳይ ነው፤ መጽሐፍ የለም፣ ክፍሉ ተጨናንቋል» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው። ግን ጥያቄው የአቅም ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚከተለው ታሪክ አይፈጸምም ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ደርግ ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ጀመረ። በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጠ። ተማሪውና መምህሩ ወደ ገጠር ወረደ፤ እናቶችና አባቶች ከሥራ በኋላ ፊደል ቆጠሩ። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አስገኘ። ያው መንግሥት ግን ማንኛውም መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር እንዲያልፍ ያደርግ ነበር። ሽልማቱ ከመጣ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታተመ። ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነቱ ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም።

ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ለሕዝቡ ፊደል በማስተማሩ የተሸለመ መንግሥት ሕዝቡ ያንኑ ፊደል ተጠቅሞ አንድ ልብ ወለድ እንዳያነብ ከለከለ። ፊደል አያስፈራውም ነበር፤ መፈክርና መመሪያ ለማንበብ ፊደል ያስፈልጋልና። ያስፈራው አንባቢ ነው። መጽሐፉን ዘግቶ «እውነት እንዲህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። በዘመቻው የተማሩ ብዙ ሰዎች በኋላ ፊደሉን መርሳታቸው አይገርመኝም። የሚነበብ ነገር በሌለበት፣ ያለውም በሚሰበሰብበት አገር ፊደል ምን ያደርጋል?

ይህ አስተሳሰብ ከደርግ ጋር አልወደቀም። የ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥር 923፣ ለሥራ ወደ ውጭ የምትሄድ ልጅ 8ኛ ክፍል እንድታጠናቅቅ ጠየቀ። ሐሳቡ እሷን ለመጠበቅ ነው፤ ደግ ሐሳብ ነው። ግን ምን ዓይነት ንባብ ነው የተጠየቀው? የክፍል ቁጥር! ሪያድ ወይም ቤሩት ስትደርስ የሚገጥማት ወረቀት በዓረብኛ ነው። ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ መቀየር መቻል አለመቻሏን፣ ፓስፖርቷን ማን መያዝ እንዳለበት፣ ደመወዟ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል ያንን ወረቀት ጠይቃ የማወቅ ልምድ የሰጣት ክፍል የትኛው ነው? 8ኛ ክፍል ላይ «ውል እንዴት ይነበባል?» የሚል ምዕራፍ የተማራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ አንባቢው ነው። ጸሐፊውስ ነፃ ነው? አንድ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አውጡና እዩ። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ይላል፤ ሞክሮ አልቻለም ማለት ነው? ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰባት መስመር ይሄዳል። ማን ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ ሳታውቁ «ከሠላምታ ጋር» ላይ ትደርሳላችሁ። የማይገባችሁ እናንተ ደካማ ስለሆናችሁ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጊዜ እንዳይገባችሁ ሆኖ ነው የተጻፈው። «አልተፈቀደም» ከማለት «በአሁኑ ወቅት ምላሽ ለመስጠት የሚያስችል አሠራር ባለመኖሩ» ማለት ይቀላል፤ ተጠያቂ የለበትማ። በፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፉ የሚተዳደሩ ሰዎች ያሉት ባለጉዳዩ ፊደል ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ዲግሪ ያለውም እዚያ ይሰለፋል። በሰው ቋንቋ የተጻፈ ማመልከቻ ተቀባይ እንደማያገኝ ያውቃልና።

እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሲያስተዳድረን ኖሮ ሌላ በሽታ አተረፈልን። ይዘቱን ማንበብ ስለማንችል መልኩን እናነባለን። ክብ ማህተም አለው? ቲተር አለው? ቁጥርና ቀን አለው? እንግዲያው እውነት ነው! በቴሌግራም የሚዞረው የውሸት ደብዳቤ ሁሉ የሚያምነን ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የሚሠራው ሰው ሐሳቡን ለማሳመር አይደክምም፤ ማህተሙን ያሳምራል። እኛም ከፍተን አይተን፣ ማህተሙን ሳምነን፣ ለሃምሳ ሰው እንልካለን። ከዚያ በደብዳቤው የተነካው ሰፈር ወይም ብሔር ወይም እምነት ላይ ንዴታችንን እናዘንባለን። በዚህ አገር የሰው ሕይወት በወሬ ጠፍቷል። ወሬውን ካሰራጩት ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩ ናቸው፤ ያልቆጠረማ መልእክቱን መክፈቱም ይቸግረዋል። ማንበብ መቻላችን ለጎረቤታችን አደጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ማንበብ መቻል ማለት ለእኔ ይህ ነው፦ አንድን ጽሑፍ ማን ጻፈህ፣ ምን ትላለህ፣ ከእኔ ምን ትፈልጋለህ ብሎ መጠየቅና መልሱ እስኪገኝ ድረስ አለመፈረም፣ አለመላክ፣ አለመናደድ። ፊደል ማወቅ ለዚህ መሣሪያ ነው፤ ትልቅ መሣሪያ። መሣሪያውን ይዞ ሥራውን ያልጀመረ ሰው ግን መሣሪያ ስለሌለው ሰው የመሳለቅ መብት የለውም።

ይህን የምጽፈው ለወጣቶች የሆነው በምክንያት ነው። በአብዛኛው ቤታችን ውስጥ የቤተሰቡ አንባቢ እኛ ነን። የውኃ ቢል ሲመጣ፣ የቀበሌ ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ከባንክ መልእክት ሲገባ፣ የሐኪም ወረቀት ሲሰጥ «እስቲ ይሄን አንብብልኝ» የምንባለው እኛ ነን። ያኔ እናታችን የምትጠይቀን ድምፅ እንድናወጣላት አይደለም። ምን እንደሚል እንድንነግራት ነው። አብዛኞቻችን ግን ጮክ ብለን እናነብና «በቃ ይሄው ነው» ብለን ስልካችን ላይ እንመለሳለን። እሷም «እሺ የኔ ልጅ» ትላለች፤ አልገባትም። ለእኛም አልገባንም፤ ግን የተማርን ስለሆንን አልገባኝም ማለት ያሳፍረናል።

እፍረቱን ነው መጣል ያለብን። ወረቀቱ ላይ ያልገባችሁ ቃል ሲመጣ «እማ፣ ይሄ ቃል አልገባኝም፤ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ» በሏት። ወደ ቢሮው አብራችሁ ሂዱ። ሠራተኛው «ተጽፏል እኮ፣ አታነብም እንዴ?» ካላችሁ «አንብቤዋለሁ፤ ለዚህ ነው የመጣሁት» በሉት። እስኪያስረዳችሁም ወረፋውን አትልቀቁ።